በዝናብ ቀን ስኪ መለማመድ ከንቱ ድካም አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ አልውልም። ስለ በረዶ ስፖርት ስትጽፉ ግን ነገሩ በውጤት ይጀምርና በውጤት ያልቃል። ማን አሸነፈ፣ በስንት ሰከንድ ቀደመ፣ በቃ። ለራሱ ብሎ ስኪ፣ ማለትም ረጅም ቀጭን ጣውላ እግር ላይ አስሮ በበረዶ ላይ መንሸራተትን፣ የሚለማመደው ሰው ምን ይሥራ፣ መቼ ይሥራ የሚለው አይነሳም። ስለዚህ እኔ አንድ ነገር ልበል። በስኪ ወቅት ማብቂያ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ስኪውን ጠቅልሎ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቴክኒክ ለማሻሻል ከዚያ የተሻለ ቀን እንደ ልብ አይገኝም ባይ ነኝ።

ሰዎች ያን ቀን የሚጠሉበት ምክንያት ይገባኛል። ልብስ ይረጥባል፣ መነጽር ይጋረዳል፣ በረዶው ይከብዳል፣ ስኪው አልሄድ ይላል፣ ጭን ይቃጠላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ቀኑን የምንመዝነው በፍጥነት ከሆነ ነው እንዲህ የሚያስጠላው። ለመማር ከወጣን እነዚያው ነገሮች ይጠቅሙናል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስኪ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተው በአብዛኛው በሰበቃ የተነሳ ከሥሩ ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚፈጠር ነው። ብርድ ሲሆን ይህ ሽፋን በጣም ቀጭን ነው። በረዶው ዜሮ ዲግሪ ደርሶ ዝናብ ሲጨመርበት ግን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ይሞላል። ያኔ ውሃው ማንሸራተቱን ትቶ ስኪውን ከሥር ይስበዋል። ለዚህ ነው በወቅቱ መሃል የሚያበረው ስኪ አሁን ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር የሚያዘው።

ብዙ ሰው በረዶውን የሚያቀልጠው የዝናቡ ውሃ ይመስለዋል። የዝናቡ ውሃ ራሱ የሚያመጣው ሙቀት ትንሽ ነው። ዋናው አቅላጭ አብሮት የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በረዶው ላይ አርፎ ወደ ውሃ ሲለወጥ ብዙ ሙቀት ይለቃል፣ ነፋስ ካለ ደግሞ ይህ ነገር ያለማቋረጥ ይቀጥላል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታዩ ዝናብ አለ ወይስ የለም ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ነፋሱንና ሙቀቱንም እዩ። ነፋስ የሌለበት ቀዝቀዝ ያለ ካፊያ ከሆነ በረዶው ለሰዓታት ደህና ሆኖ ይቆያል። ሞቃት ነፋስ ከሆነ ቶሎ ውጡ፣ ቶሎ ተመለሱ። ሌሊቱን በርዶ ካደረ ደግሞ ጠዋት ላይ ላዩ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠብቃችኋል። ያንን ሰዓት ለጠንካራ በረዶ ልምምድ አውሉት፣ ወይም ትንሽ ቆዩ፣ ይለሰልሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እርጥብ በረዶ ማታለልን አይቀበልም። ማሽን ደልድሎ ባሰናዳው ደረቅ በረዶ ላይ ሰው ወደ ኋላ ተደግፎ፣ ትከሻውን አወናጭፎ፣ የስኪውን ጭራ ገፋ ገፋ እያደረገ ቁልቁለቱን መጨረስ ይችላል። ከሩቅ ሲታይ ጎበዝ ይመስላል። ራሱም ጎበዝ ነኝ ብሎ ያምናል። ዝናብ በጠጣ በረዶ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ወደ ኋላ ከተደገፉ የስኪው ፊት ይቀላል፣ መምራት አይቻልም። በድንገት ለመጠምዘዝ ከሞከሩ የስኪው የብረት ጠርዝ ከባዱ በረዶ ውስጥ ይቀረቀራል። በሌላ ቀን አሠልጣኝ ደጋግሞ ነግሮን ያልሰማነውን በረዶው ወዲያው ይነግረናል። ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ስህተቱ የሚያመጣው መዘዝ ቀላል ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ አይፈራም፣ የማይፈራ ሰው እግሩ ሥር ምን እየሆነ እንዳለ ለመስማት ጊዜ አለው።

ሌላው ትልቅ ነገር ሰው የለም! በደህናው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ቆማችሁ አንድ ልምምድ ልሥራ ብትሉ ከኋላ የሚመጣው አያስቆማችሁም። ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ጋ ያለው ሰልፍም ያስቸኩላል፤ ያን ያህል ተሰልፎ የወጣ ሰው ቀስ ብሎ መውረድ አይሆንለትም። በዝናብ ቀን ያው መንገድ ባዶ ነው። አንዷን አጭር ቁልቁለት ያዙና ደጋግሙ። መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ዝንባሌ ያለው ይሁን። ገደላገደሉ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ምን እንለማመድ? እኔ ሁሌም የምጀምረው ከአቋቋም ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። ክብደት በእግር መሃል ላይ ይረፍ፣ ተረከዝ ላይ አይሁን፣ ጣት ላይም አይሁን። ቁርጭምጭሚት ይታጠፍ። ቅልጥማችሁ የቦቱን ፊት ሳይለቅ ይነካካው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ሲናገርም ልክ ነው፣ ግን ጉልበቱን ብቻ አጥፎ ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጎ ሲቀመጥ ታዩታላችሁ። እርጥብ በረዶ ላይ ያ አቀማመጥ በጥቂት ዙር ውስጥ ጭንን ያደክማል። ጭናችሁ ቶሎ ከተቃጠለ ጉልበት አንሶኝ ነው ከማለታችሁ በፊት ቁርጭምጭሚታችሁን ፈትሹ።

በዚህ ቀን ብቻ የሚገኝ አንድ ልዩ ልምምድም አለ። መንገዱ ሁሉ እኩል አይንሸራተትም። ዛፍ ሥር ያለው ይሄዳል፣ ሜዳ ላይ ያለው ይይዛል፣ አቧራ ያለበት ቆሻሻ በረዶ ደግሞ ሙቀት ስለሚስብ የበለጠ ይቀልጣል። ከሚሄደው ወደሚይዘው ስትሻገሩ እግር ይዘገያል፣ ሰውነት ይቀጥላል፣ ሰው በአፍጢሙ ይደፋል። መድኃኒቱ ወደ ኋላ መደገፍ አይደለም፣ ያ ሌላ ችግር ያመጣል። አንዱን እግር ትንሽ ቀደም አድርጉ፣ ሆዳችሁን ጠበቅ፣ ጉልበታችሁን ላላ አድርጉ፣ ዓይናችሁን ደግሞ ከፊት ያለው የበረዶ ቀለም ላይ አኑሩ። የሚያብረቀርቀውና ግራጫው ላይ ውሃ አለ። ይህን ማንበብ የተማረ ሰው የትም ቦታ፣ በማንኛውም በረዶ ላይ ሚዛኑን የሚያስት ነገር ቀድሞ ይታየዋል።

ከዚያ ወደ ጎን መንሸራተት አለ። ቁልቁለቱን ወደ ጎን ተሻግራችሁ ቁሙ፣ ጠርዙን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ስኪው ወደ ታች ይንሸራተት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ያዙት። ቀስ ብላችሁ የምለው በምክንያት ነው። ከባድ በረዶ ላይ ስኪውን ፈጽሞ ዝርግ ካደረጋችሁት የታችኛው ጠርዝ ይቀረቀርና ወደ ቁልቁለቱ ይጥላችኋል። ጠርዝ ማለት የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ብቻ አይደለም፣ በመሃሉ ብዙ ደረጃ አለው፣ ያንን ደረጃ እግር የሚማረው እንዲህ ባለ ቀን ነው። አሰልቺ ልምምድ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም፤ በደንብ ጎን ለጎን መንሸራተት የማይችል ሰው በደንብ ሲታጠፍ አላየሁም።

የዙሩ፣ ማለትም የመታጠፉ፣ ቅርጽም እንዲሁ ነው። በድንገት ጠምዝዞ ማቆም የለም። ዙሩን ክብ አድርጉት፣ ስኪው እስኪዞር ታገሡት፣ ግፊቱን በዙሩ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብላችሁ ጀምሩና ወደ መጨረሻው ልቀቁት። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው፤ መጀመሪያ ላይ ምንም አንጫንም፣ መጨረሻ ላይ ፍጥነት ስንፈራ ባንዴ እንረግጣለን። ዝናብ የመታው በረዶ ላይ ያ እርግጫ ስኪውን ያሰጥመዋል። ብዙ ወደ ጎን አትሂዱ፣ ፍጥነት ካጣችሁ ለቀጣዩ ዙር መነሻ የላችሁም። እርጥብ በረዶ ላይ ትንሽ ፍጥነት ወዳጅ ነው።

አንድ የሚያከራክር ነገር ላንሳ። ክብደት ሁሉ በውጪኛው ስኪ ላይ፣ ማለትም ከዙሩ ውጪ በኩል ባለው፣ ይሁን የሚለው ትምህርት ትክክል ነው። በጠንካራ በረዶ ላይ ከእርሱ የሚሻል የለም። ለመለማመድም የውስጠኛውን ስኪ ጭራ ትንሽ ከፍ አድርጎ ዙሩን መጨረስ ጥሩ ነው፣ ከፍ ማድረግ ካልቻላችሁ ሚዛናችሁ የት እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። ዝናቡ በረዶውን በጥልቀት ካለሰለሰው ግን አንዱን እግር ብቻ ስትጫኑ ያ እግር ይሰምጣል፣ ሌላው ከላይ ይቀራል፣ ሁለቱ ስኪዎች ይለያያሉ። ስለዚህ እግራችሁን አቀራርቡና ለውስጠኛውም ትንሽ አካፍሉት። ይህ የመጀመሪያውን ትምህርት መሻር አይደለም። ውጪኛው አሁንም አለቃ ነው። ስንት ማካፈል እንዳለባችሁ ግን ማንም በቁጥር ሊነግራችሁ አይችልም፣ በረዶው እየተለወጠ ስለሚሄድ በእግር ብቻ ነው የሚታወቀው።

በአንድ መውረድ አንድ ነገር ብቻ አስቡ። እጅንም ጉልበትንም ዓይንንም አንድ ላይ ላስተካክል ያለ ሰው አንዱንም አያስተካክልም። በእጅ የሚያዙትን የስኪ ዘንጎች አግድም በሁለት እጅ ፊት ለፊት ይዞ መውረድ ትከሻ ሲወናጨፍ ቶሎ ያሳያል፣ ከተቻለ ጓደኛ በስልክ ይቅረጻችሁ።

ደከመኝ ስትሉ ደግሞ ወዲያው ጨርሱ። አንዴ ልውረድና ልጨርስ የሚለው ሐሳብ በዚህ ቀን አደገኛ ነው። ከባድ እርጥብ በረዶ ስኪውን ይዞ ሲያስቀር ሰውነት ይዞራል፣ ጉልበት ይጠመዘዛል። ስኪውን ከቦት ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ደግሞ ቀስ ባለ ጠምዛዛ አወዳደቅ ላይ ሁልጊዜ አይፈታም። ስለዚህ ማሰሪያችሁ በክብደታችሁ፣ በቁመታችሁ፣ በዕድሜያችሁና በችሎታችሁ ልክ መስተካከሉን ባለሙያ ይይላችሁ። እንዳይፈታብኝ ብሎ ራስን በራስ ማጥበቅ በጭራሽ አይገባም።

ስለ ደኅንነት እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ያልኩት ሁሉ ለተደለደለና ክፍት ለሆነ መንገድ ብቻ ነው። በዝናብ ጊዜ ከመንገድ ውጪ ወዳለው ገደል አትውጡ። ዝናብ በረዶ ላይ ሲወርድ ክብደት ይጨምራል፣ የበረዶውን ንብርብሮች አያያዥ ያላላል፣ የበረዶ ናዳ አደጋም በፍጥነት ይጨምራል። በተለይ አዲስ ደረቅ በረዶ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ለውጡ በጣም ቶሎ ነው የሚመጣው። ተዘግቷል የሚል ምልክት ካያችሁ ተዘግቷል። በወቅቱ መጨረሻ ድንጋይና ሣር ብቅ ይላል፣ ከበረዶው ሥር የሚሄድ ውሃም ጉድጓድ ይከፍታል። መብረቅ ከመጣ ሊፍት ይቆማል፣ እናንተም ውረዱ። ጉም ሲወርድ ከመንገዱ መሃል ይልቅ ምልክቶቹን ወይም የዛፉን መስመር ተከትላችሁ ሂዱ፣ ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያጣ ሰው መቆሙንና መሄዱን እንኳ ይረሳል።

ዕቃውም ያን ያህል ከባድ አይደለም። የስኪው ሥር በሞቃት በረዶ የሚሠራ ሰም ይቀባ፣ ሥሩ ላይ ያለው ጭረት ደግሞ ሻካራና ጠለቅ ያለ ቢሆን ውሃው መውጫ ያገኛል። ፍሎሪን ያለበትን ሰም ግን ተዉት። ውሃ በመግፋት የሚስተካከለው አልነበረም፣ ሆኖም አካባቢ ውስጥ ለዘመናት የማይጠፋ ኬሚካል ነው፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም ከ2023/24 የውድድር ወቅት ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል። ጃኬት ስትመርጡ የውሃ መቋቋሚያውን ልክ እዩ፣ በሚሊሜትር ይጻፋል፤ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ለሚውል ሰው 20,000 የተጻፈበት 10,000 ከተጻፈበት በብዙ ይሻላል። ከውስጥ ሱፍ ልበሱ፣ እርሱ ረጥቦም ይሞቃል። ጓንት ሁለት ጥንድ ያዙ። የመነጽሩ መስተዋት ቢጫ ወይም ሮዝ ይሁን፣ ጥቁሩን ቤት ተዉት። ከውስጥ በኩል በጓንት አትጥረጉት፣ ጉም እንዳይዝ የተቀባው ይላጣል። ግንባር ላይም አታውጡት፣ የላብ እንፋሎት ይሞላዋል።

መጥፎ በረዶ መጥፎ ልማድ ያስተምራል የሚሉ አሉ። ክርክሩን አከብራለሁ፣ ለአንድ ዓይነት ሰው ልክ ነው። ገና መቆም የሚማር ሰው በዚህ ቀን አይጀምር፤ ይወድቃል፣ ይረጥባል፣ ስኪን ይጠላል። ሕፃናትንም እየጎተቱ አያወጡም። ለቀረነው ግን አልቀበለውም። ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች በረዶ አይመርጡም። እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ሳይፕረስ ተራራ ላይ ዝናብና ሙቀት በረዶውን ስለጨረሰው በመኪናና በሄሊኮፕተር በረዶ ተጓጉዟል። በዚያው ኦሊምፒክ ዊስለር ተራራ ላይ የወንዶች ዳውንሂል፣ ማለትም የቁልቁል ፍጥነት ውድድር፣ በአየሩ ምክንያት ከፌብሩዋሪ 13 ወደ 15 ተዛውሯል። በሞቃት ቀን አዘጋጆች መወዳደሪያው ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው እርጥብ በረዶን መጀመሪያ ሲያቀልጥ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል፣ የቀረው ይጠነክራል። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፣ ተወዳዳሪዎቹም በተገኘው ላይ ይወርዳሉ። በተተከሉ ምሰሶዎች በር መካከል እየታጠፉ የመውረድ የመጀመሪያው ውድድር ነው የሚባለውን ማቲያስ ዝዳርስኪ ኦስትሪያ ሊሊየንፌልድ ላይ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1905 ነው፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል። ዝዳርስኪ ስለ ቴክኒክ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር፤ ያን ውድድር ሲያዘጋጅም ማን ፈጠነ ከሚለው ይልቅ ማን ስኪውን በደንብ ገዛ የሚለው ያሳስበው ነበር።

አሜሪካዊቷን የስኪ ተወዳዳሪ ሚካኤላ ሺፍሪንንም ልጥቀስ፣ ምክንያቱም የስፖርት ገጻችሁ ቁጥሯን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ጣሊያን ሴስትሪዬሬ ላይ 100ኛውን የዓለም ዋንጫ ድሏን አገኘች። ስለ እርሷ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በልጅነቷ ቤተሰቦቿ ከውድድር ብዛት ይልቅ ለልምምድ ቅድሚያ መስጠታቸው ነው። መሠረታዊውን ነገር ሰው እስኪሰለች ደጋግማ ሠርታለች። እንዲህ ያለውን ነገር ብትጽፉ ውጤቱም ለአንባቢ የበለጠ ትርጉም ይኖረዋል፣ ከየት እንደመጣ ይታወቃላ!

ከልምምድ በኋላ ያለውን ቶሎ ልበል። ስኪውን እርጥብ እያለ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ ካሳደራችሁት ጠርዙ በአንድ ሌሊት ይዝጋል፤ በጨርቅ ጠርጉት፣ ሁለቱን ስኪዎች ለያይታችሁ አቁሟቸው። የቦቱን ውስጥ ሽፋን አውጡና ከእሳትና ከማሞቂያ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ከልክ ያለፈ ሙቀት ያበላሸዋል። ወቅቱ በዚያው ካለቀ ደግሞ ለወራት ከማስቀመጣችሁ በፊት የስኪውን ሥር በወፍራሙ ሰም ቀብታችሁ ሳትፍቁት ተዉት፣ ጠርዙንም ጨምሮ ይሸፍነዋል።

ደብዳቤዬ ረዝሟል፣ ካስፈለገ አሳጥሩት። የደኅንነቱን ክፍል ግን እንዳትቆርጡት እለምናለሁ። የምታትሙት ከሆነ በረዶው ሳያልቅ ይሁን፣ ከቀለጠ በኋላ ለተለማማጁ አይደርስለትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ